የአገረ ገዥው ችሎት

ይህን የምጽፈው ላስፈራችሁ ብዬ አይደለም። በእኔና በወንድሜ ላይ በእውነት የደረሰ ነው። ያላመነ አይመን... እኔም ባላምነው ደስታዬ ነበር።

ዕለቱ እሁድ ነው። ከቀኑ ስምንት ሰዓት ተኩል። ፀሐይዋ አናት ትበሳለች።

ታናሽ ወንድሜ ፀጉር አስተካካይ ነው፤ በእጁ ነው የሚበላው። እኔ አስተማሪ ነኝ፤ የምኖረው በምላሴ ነው። ከምሳ በኋላ "ትንሽ እንንሸራሸር" ብሎ ለአንድ የቀድሞ አገረ ገዥ መታሰቢያ ወደተሠራች ትንሽ ፓርክ ጎትቶ ወሰደኝ። ሦስት ዛፍ፣ አንድ ሐውልት፣ ከጀርባው ገዥው ይኖርበት የነበረ አሮጌ ቤት። በቃ ይኸው ነው።

ሐውልቱ ስር "ፍርድ የማያዛባ" የሚል ተቀርጿል።

"እዚሁ ነው የምከስህ" አልኩት። "ቻርጀሬን መልስ!"

"ምስክር አለሽ?" ብሎ ሳቀ።

የቤቱ በር ገርበብ ብሎ ነበር። ገባን።

ውስጡ ይቀዘቅዛል። አንድ ትልቅ ወንበር ጀርባውን ሰጥቶን ቆሟል፤ ከመደገፊያው በላይ ሽበታም አናት ይታያል። የሰም ምስል መሰለኝ። ጥግ ላይ ኮት የለበሰ ሽማግሌ ጠረጴዛ ላይ ትልቅ መዝገብ ዘርግቶ ተቀምጧል።

ወለሉ እርጥብ ነው... ገና አሁን የታጠበ።

መሐል ላይ ሥጋ ቤት እንደሚኖረው ዓይነት የእንጨት ጉማጅ አለ። ላዩ በስለት ተተልትሏል።

"ከሳሽ ማናችሁ?" አለ ሽማግሌው፣ ቀና ሳይል።

ለጎብኚ የሚያሳዩት ትርዒት ነው ብዬ ደስ አለኝ።

"እኔ!"

"ጥፋቱ?"

"እጁ አያርፍም ጌታዬ። ዕቃዬን ሁሉ ይወስዳል።"

ወንድሜ በሳቅ ፈረሰ። ሽማግሌው ጽፎ ሲጨርስ መዝገቡን አዙሮ አስፈረመኝ። ቀና ስል ጉማጁን ዝንብ ወሮታል።

ከወንበሩ ጎን አንድ እጅ ቀስ ብሎ ተነሳ።

"ይቆረጥ" አለ ከወንበሩ የመጣ ድምፅ።

ሁለት ሰዎች ከየት እንደመጡ ሳላይ ደረሱ። ወንድሜን ማጅራቱን ይዘው አንበረከኩት። አፍንጫው ከጉማጁ ጋር ሲላተም ሰማሁት። ደሙ ሸሚዙ ላይ ወረደ። አሁንም ግማሽ ፈገግታ ፊቱ ላይ ነበር... ቀኝ እጁን ጠምዝዘው እስኪዘረጉት ድረስ።

"እህቴ... ቀልድ ነው በያቸው!"

"ቀልድ ነው!" ብዬ ጮህኩ። "ክሴን ትቻለሁ!"

ሽማግሌው ለመጀመሪያ ጊዜ ቀና አለ። በሹክሹክታ ነው የተናገረው።

"ክሱን የተወ በሐሰት ከሷል። የሐሰተኛ ከሳሽ ምላስ ይቆረጣል።"

ከጠረጴዛው ስር ጉጠት አወጣ። ጫፉ ላይ የደረቀ ነገር ተጣብቋል።

"ደግመሽ በይው... ትተሻል?"

ወንድሜ አየኝ።

ዝም አልኩ።

አዎ፣ ዝም አልኩ። ሕፃን ሆኖ በጀርባዬ ያዘልኩት ወንድሜ ነው። ለምላሴ ሳሳሁ።

አንደኛው ሰውዬ ያነሳው መጥረቢያ በአንዴ አልጨረሰውም። ሦስት ጊዜ ነው የወረደው። በሁለተኛው አጥንቱ ተሰነጠቀ፣ ከዚያ በኋላ ከወንድሜ የሚወጣው ድምፅ የሰው አልነበረም። እኔ አፌን በእጄ አፍኜ ግድግዳው ላይ ተለጠፍኩ።

ቀጥሎ የማስታውሰው ሆስፒታሉን ነው።

ወንድሜ ሲነቃ በግራ እጁ ጉንጬን ዳሰሰኝ። "ባትደርሺልኝ ይገድሉኝ ነበር" አለ። "እየጮህሽ ተናነቅሻቸው እኮ!"

ራሱን ስቶ ነበር አልኩ በልቤ። ግን አላረምኩትም። አፈርኩ።

በማግስቱ ጠዋት ፖሊስ መጣ። ለካ ቤቱ በረንዳ ላይ ካሜራ አለ። ምስሉን በስልኩ አሳየኝ።

ወንድሜን ተሸክሜ ስወጣ ይታያል። ቀሚሴ ተቀዷል፣ ደም በደም ሆኛለሁ። ድምፅ ባይኖረውም እየጮህኩ እንደሆነ ያስታውቃል።

"ይቺ አንቺ ነሽ" አለ ፖሊሱ። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አደረገ። "መንታሽስ የት ገባች?"

ጣቱን ምስሉ ላይ ከሚታየው የቤቱ በር ላይ አሳረፈ።

እዚያም እኔ ነኝ። ያው ቀሚስ፣ ያው ፀጉር። አንዲት ጠብታ ደም የለብኝም። በአንድ እጄ አፌን አፍኛለሁ። የሚወጡትን ሁለቱን ለአፍታ አየኋቸው... ከዚያ በሩን ከውስጥ ዘጋሁት።

ያኔ ትዝ አለኝ። የበሩ እጀታ ብረት ነበር፤ መዳፌን አቀዘቀዘው።

ከዚያ ክፍል መውጣቴን ግን... አላስታውስም።