ሽንቁሩን የደፈነ እጅ

ከሞላሌ ወጣ ብሎ፣ ውርጩ ገብሱን አንገት በሚያስደፋበት ዳገት ላይ፣ የወይዘሮ ሙሉመቤት አዲስ ቤት ቆሟል። አንድ ልጃቸው ትዕዛዙ በጎቹን ሸጦ፣ ላቡን አፍስሶ ያሠራላቸው ቤት ነው። የሳር ክዳኑ ወርዶ ቆርቆሮ ወጣ፤ ግድግዳው በሲሚንቶ ተለሰነ፤ ኮርኒሱ በላስቲክ ተወጠረ። ዓይን የሚያጠፋው የኩበት ምድጃ ወደ ደጅ ተባረረና በእናቱ መኝታ እግርጌ የከሰል ማንደጃ ተቀመጠ። ጭስ የሌለው እሳት! በቆርቆሮውና በግንቡ መሀል የቀረችው አንዲት ሽንቁር እንኳ በጨርቅ ተወተፈች። የመጣው ጎረቤት ሁሉ "እናት እንዲህ ነው የምትጦር" እያለ መረቀው። ወይ ምርቃት... ምን አዝሎ እንደሚመጣ ማን አወቀ?

ክረምቱ ሳይጋመስ ወይዘሮ ሙሉመቤትን ራስ ምታት ያዛቸው። ንጋት ላይ ጭንቅላታቸው በጠፍር የተጠፈረ ይመስላል፤ ሆዳቸው ይገለበጣል፤ ጉልበታቸው ይከዳቸዋል። ረፋድ ላይ ደጅ ወጥተው ፀሐይ ሲሞቁ ደግሞ ቀለል ይላቸዋል። ለሰው ራስ ምታት ሐኪም ያልሆነ ያገሬ ሰው የት አለ? አንዱ "ምች ነው" ብሎ ዳማከሴ ጨምቆ አጠጣቸው። አንዷ "ብርድ ነው" ብላ ፌጦና ነጭ ሽንኩርት ወቀጠች። ሌላው "ደም ብዛት ነው፣ ጨው ይተዉ" አለ፤ ጨው ተዉ። የጤና ኬላዋ ልጅ ግፊታቸውን ለክታ ደህና ሆኖ ስታገኘው "ውኃ ይጠጡ፣ ካልተሻለዎት ሆስፒታል ይሂዱ" ብላ ማስታገሻ ሰጠቻቸው። ስለሚበሉትም ስለሚጠጡትም ተጠየቁ። የሚተኙበትን የጠየቃቸው ግን አልነበረም።

በመጨረሻ ጠበል ገቡ። ነፋስ በሚያፏጭበት ዳስ ውስጥ አድረው በነጋታው ራሳቸው ቀለለ። ዳኑ ተባለ፤ እልል ተባለ። ቤታቸው በተመለሱ ማግስት ያው ጠፍር መልሶ ጠፈራቸው።

ታናሽ እህታቸው እቴቴ ደብሪቱ ነገሩን እዚያው ፈቱት። "ጠበል ያዳነውን ቤት ከመለሰው፣ በሽታው ያለው እዚህ ቤት ነው" አሉ። እውነታቸውን ነበር እኮ! ምን ያደርጋል፣ ከቤቱ ውስጥ የመረጡት ሰው ሆነ እንጂ። ዓይናቸው የወደቀው ከመርሐቤቴ ቆላ በመጣችው በትዕዛዙ ሚስት፣ በአልጣሽ ላይ ነው።

"ሌሊት እየተነሣች ግድግዳ ትዳስሳለች፤ በዓይኔ አይቻታለሁ" አሉ በሽተኛዋ በደከመ ድምፅ።

አልጣሽ አልካደችም። በተዘጋ ቤት መተንፈስ አይሆንላትም፤ እየተነሣች ጨርቁን ከሽንቁሩ ትመዛለች። አማቷ ሲበርዳቸው መልሰው ይወትፉታል።

"ለማን ነው የምትከፍችው?" አሉ ደብሪቱ። "ለነፋስ ነው? በመንዝ ነፋስ ጠፍቶ ነው በሽንቁር የምታስገቢው? ቡዳ መውጫ ነው የሚፈልገው።"

"እቴቴ፣ እኔንም እኮ ራሴን ያመኛል። ቤቱ ያፍናል።"

"ሰማህ ትዕዛዙ? ያንተን ቤት ነው የምታማው።"

ትዕዛዙ ሚስቱ ቡዳ ስትባል አንገቱን ደፍቶ ነበር። ቤቱ ሲታማ ግን ቀና አለ። ቤቱ ኩራቱ ነበር፤ ደካማ እናቱ ደግሞ በዓይኑ ፊት እየከሱ ነው። ምን ያድርግ? ከሁለቱ አንዷን ምረጥ የተባለ ሰው ምን ያደርጋል...

"እማዬ እስኪሻላት አባትሽ ቤት ልሸኝሽ" አላት።

አልጣሽ ጓዟን አሰረች። በሩ ላይ ስትደርስ ብቻ ዞር አለች። "እሺ። ያቺን ሽንቁር ግን አትድፈናት።"

ከመውጣታቸው በፊት እናቱ ከመኝታቸው ጠሩት። "ዛሬ እንኳ ብርድ አይግባብኝ፣ የኔ ልጅ።" ትዕዛዙ በርጩማ ላይ ወጥቶ የአሮጌ ጋቢውን ቁራጭ ጠቅልሎ፣ በአውራ ጣቱ እየጠቀጠቀ ሽንቁሩን ደፈነው። "እጅህን ይባርከው" አሉት። ከአንደበታቸው የሰማት የመጨረሻ ቃል ይቺ ሆነች።

ሚስቱን ቆላ አድርሶ፣ አማቶቹ ዘንድ አድሮ ሲመለስ፣ የደብሪቱ ለቅሶ ከዳገቱ ተቀበለው። ወይዘሮ ሙሉመቤት እህታቸው "ብርድ እንዳይነካት" ብለው ማንደጃውን እስከ አፉ ሞልተውላቸው ከሄዱ በኋላ ተኝተው በዚያው ቀርተዋል። ጉንጫቸው እንደ ሙሽራ ቀልቶ ነበር። "መልኳ እንዴት ያምራል" አለ ገናዡ። "ያቺ ሄዳላት፣ በሰላም ተኝታ ነው" አሉ ደብሪቱ እንባቸውን እየጠረጉ።

ከቀብር መልስ በረዶ ወረደና ለቀስተኛው ሁሉ ወደዚያው ቤት ገባ። በሩ ተዘጋ፤ ማንደጃው ተቀጣጠለ። ብዙም አልቆየ፣ እቴቴ ደብሪቱ ግንባራቸውን ያዙ። "ራሴን..." አሉ። አጠገባቸው የነበረው ሽማግሌም ሻሹን አጥብቆ አሰረ። አንዲት ሴት ተነሥታ ሳትወጣ አስመለሳት። ሰው እርስ በርሱ ተያየ። ሁሉም የሚያስበው አንድ ስም ነበር፤ የስሙ ባለቤት ግን መርዶ ደርሷት ገና በቆላው መንገድ ላይ ናት። አገር አቋርጦ የሚበላ ቡዳ ደግሞ ደብሪቱም ሰምተው አያውቁ።

ትዕዛዙ በርጩማውን ይዞ ወደ ጓዳ ገባ። የገዛ ጋቢውን ቁራጭ መዞ አወጣው። ነፋሱ ፉጨቱን ይዞ ፊቱን ሲመታው፣ ጨርቁን እንደያዘ ከበርጩማው ወረደ። የድሮው ጭስ እኮ ዓይን እያቃጠለ ውጡ ይል ነበር... ይሄኛው የከሰል ትንፋሽ ማንንም ሳይቀሰቅስ መጣ።

አልጣሽ ከአባቷ ጋር ጥቁር ለብሳ ለልቅሶ ደረሰች። ከሁሉ አብልጣ አማቷን አለቀሰች። ከዚያ ትዕዛዙ እጅ ላይ የነበረውን ጨርቅ አየችው።

"ማን ነው የደፈነው?"

"እኔ ነኝ" አላት። አያይዞም "ተመለሽልኝ፣ ቤቱን እከፍተዋለሁ" አለ።

"ሽንቁሩስ ተከፈተ፣ ትዕዛዙ። ያን ቀን ያልተከፈተው ያንተ አፍ ነው።"

ደብሪቱ ከኋላ መጥተው እግሯ ላይ ወደቁ። አልጣሽ አንሥታ ሳመቻቸው፤ ነጠላዋን አጣፍታም ከአባቷ ኋላ ወደ ቆላው ወረደች።

አገሬው የወይዘሮ ሙሉመቤትን ሞት ሲያነሣ እስከ ዛሬ "ዕድሏ ነው፣ የተጻፈ ነው" እያለ ይተክዛል። ይበል። ዕድል ግን በርጩማ ላይ ወጥቶ ጨርቅ አይወትፍም። ይህን የሚያውቀው ትዕዛዙ በውርጭ ቤቱን ከፍቶ፣ እሳት ሳያነድ ብቻውን እየተንቀጠቀጠ ያድራል... የተመረቀ እጁን በብብቱ ሸጉጦ።