የመሃል ወንበር ተሳፋሪዎች

አብተው እባላለሁ። ሹፌር ነበርኩ። የምነግራችሁ የሰማሁትን ሳይሆን በዓይኔ ያየሁትን ነው... የሚያምን ይመን።

ጥቅምት 2013፣ ጅማ። ከጠዋቱ ሶስት ሰዓት ተኩል። ፀሐይዋ ጠራራ ነበረች።

ኮሮና ከገባ ጀምሮ ሚኒባሴ በግማሽ ነበር የሚጭነው። የመሃል ወንበሮቹን በቢጫ ፕላስተር አሽገናቸው ስድስት ወር ሙሉ ማንም አልተቀመጠባቸውም።

በዚያ ሳምንት አንድ ባለሙያ በሬዲዮ ቀርበው ገደቡ ይላላ አሉ። "ጭምብል ከተደረገ፣ መስኮት ከተከፈተ፣ ሙሉ ሰው መጫን ይቻላል።"

አላመንኳቸውም።

መጀመሪያ ጤነኛ ሰው ጭምብል አያስፈልገውም ያሉን እኚሁ ሰውዬ ናቸው። ቀጥለው ያለ ጭምብል ከቤት አትውጡ አሉ። አሁን ደግሞ ተጠጋጉ...

እሳቸው ቢሳሳቱ ነገ ሌላ መግለጫ ይሰጣሉ። እኔ ብሳሳት ግን እናቴን ነው የምቀብረው።

እናቴ ሸዋረገጥ እዚያው ጅማ፣ በቾ ቦሬ ሰፈር ከእኔ ጋር ነው የምትኖረው። አንዱ ሳንባዋ ከተጎዳ ቆይቷል። ስድስት ወር ሙሉ አጠገቧ ተቀምጬ አላውቅም። ምግቧን እንኳ የማቀብላት በመስኮት ነበር።

የመኪናው ባለቤት ግን "ወይ ሙላ፣ ወይ ቁልፉን አምጣ" አለኝ።

ሌላ ሥራ ከየት ላመጣ?

ረዳቴ ጎሳዬ ፕላስተሩን ላጠው። "ሸቤ! ሸቤ!" ብሎ ተጣራ። የቡና ለቀማ ጊዜ ስለሆነ ሰው ተጋፍቶ ገባ። ዳር ዳሩ ወዲያው ሞላ።

መሃሉ ግን ባዶ...

"መሃሉ ክፍት ነው፣ ተቀመጡ እንጂ!" አለ ጎሳዬ።

አንዲት ወጣት ገብታ ጎንበስ አለችና ተመለሰች።

"ሰው አለው።"

"የታለ ሰው?"

ፈጥና ወረደች። ከእሷ ቀጥሎ የገባው ሰውዬም ባዶውን ወንበር "ይቅርታ" ብሎ፣ አንገቱን ሰበር አድርጎ ወጣ።

ግራ እንደተጋባን ተነሳን።

መኪናው ከበደኝ። ሰቃን አልፈን ያለችውን ትንሽ ዳገት በሁለተኛ ማርሽ እያቃሰተ ነው የወጣት።

በስፖኪዮ ወደ ኋላ አየሁ። የሌላው መስኮት መስታወት ጥርት ብሏል። ከባዶዎቹ ወንበሮች አጠገብ ያለው ግን በትንፋሽ ጉም ለብሷል...

ከኋላዬ አዴ ሀጂራ ነበሩ፤ ሸቤ ገበያ ጨርቅ የሚነግዱ፣ ዘወትር የማመላልሳቸው እናት። ወደ ጆሮዬ ጠጋ አሉ።

"አብተው ልጄ... ማሎ፣ እባክህ፣ ትርፍ ጭምብል ካለህ ስጣቸው።"

"ለማን፣ እናቴ?"

"ለመሃሎቹ። አፋቸውን ከፍተዋል... ያ ረቢ! አየር አጥሯቸዋል እኮ።"

ፍጥነቴን ቀነስኩ።

"ስንት ናቸው?" አልኩ በሹክሹክታ።

"ስድስት።"

ሸቤ ስንደርስ ሰው ሁሉ ወረደ። መኪናው ግን ቀና አላለም። እንደተጫነ ነው።

ጎሳዬ ይህን አየና ፊቱ አመድ መሰለ። "እኔ በሌላ መኪና እመለሳለሁ። አንተም ጥለኸው ና" አለኝ።

የሰው መኪና የት ልጣል? ብቻዬን ወደ ጅማ ነዳሁ። ወደ ኋላ አላየሁም። በጭንቅላቴ ውስጥ አንድ ነገር ብቻ ነበር... እናቴን ከእኔ ማራቅ። ዛሬውኑ ሰርቦ፣ እህቴ ቤት ትሂድ።

በራችን ላይ አቆምኩና ሳልወርድ ደወልኩላት።

"እማዬ፣ ልብስሽን ሸክፊ። ሰርቦ የሚወስድሽ ሰው እፈልግልሻለሁ።"



"አብተው... ከማን ጋር ነህ?"

"ብቻዬን ነኝ።"

"ታዲያ ይሄ ሁሉ የሚያስለው ማነው?"

እኔ ምንም ሳል አልሰማሁም። ያን ጊዜ ግን ከኋላዬ አንድ የደከመ ድምፅ...

"ወራጅ አለ።"

የመኪናው በር በራሱ ተንሸራቶ ተከፈተ። መኪናው ቀና አለ... እንደገና ቀና አለ... ስድስት ጊዜ።

ምን አደረግኩ! ምን ይዤባት መጣሁ!

ዘልዬ ወርጄ በቤታችን በር ላይ ተለጠፍኩ። እጄን ዘርግቼ እንደ እብድ ጮህኩ።

"እማዬ፣ አትክፈቺ! በእግዚአብሔር፣ አትክፈቺ!"

"ምን ነካህ? ሰው ደጅ አቁመህ?" አለች ከውስጥ። "ይግቡ በላቸው እንጂ።"

ከጀርባዬ መቀርቀሪያው ሲሳብ ሰማሁ።

ከፊቴ ደግሞ፣ ከበራችን ፊት ለፊት ባስቀመጥነው የእጅ መታጠቢያ ጄሪካን ላይ፣ ቧንቧው ቀስ ብሎ ተከፈተ... ተዘጋ። ተከፈተ... ተዘጋ።

ሳሙናው ማንም ሳይዘው፣ አየር ላይ፣ አረፋ እያወጣ ይገላበጥ ነበር።