ዘጠነኛው ፖርት ዝግ ነበር

አስከሬኑ የመጣው በስልክ ነው። አብዱረሺድ ጅዳ ከተማ፣ ሩዋይስ ሰፈር ባለው ቤቱ ምሳውን በልቶ ጎኑን ሊያሳርፍ ሲል ስልኩ ጮኸ። ከፍቶ ቢያይ፣ ከመሰላል ሥር በጀርባው የተንጋለለ ሰው ፎቶግራፍ ነው። ፊቱን አጉልቶ ተመለከተው። ዙበይር ነበር፤ እሱ ራሱ ሙያ ያስተማረው ዙበይር።

«ኢና ሊላሂ ወኢና ኢለይሂ ራጂዑን» አለና አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀመጠ።

አብዱረሺድ የአንድ የመድን ድርጅት መርማሪ ነው። ሥራ ላይ ሰው ሲሞት «እንዴት ሞተ?» ብሎ የሚጠይቅ፣ መልሱ ካልጣመው ደግሞ ደጋግሞ የሚጠይቅ ሰው። አባቱ ከወሎ ለሐጅ መጥተው በዚያው የቀሩ ናቸው፤ እሱም የተወለደው መካ ነው። ወደ ምርመራው ከመግባቱ በፊት ሃያ ዓመት ሙሉ የኮምፒዩተርና የካሜራ ኔትወርክ ሲዘረጋ ኖሯል። ዙበይርን ለተቋራጩ ለሐጂ ዓብዱላህ «ይህ ልጅ አደራዎን» ብሎ የሰጠውም እሱ ነበር። አደራው እነሆ በፎቶግራፍ ተመለሰለት።

ፎቶግራፉን የላከው የሕንፃው ኃላፊ ከሥሩ እንዲህ ጽፏል፦ «ካሜራ ሊሰቅል ወጥቶ ከመሰላል ወደቀ። ወለሉን ያረጠበችው የጽዳት ሠራተኛዋ ናት። ኢቃማ፣ የመኖሪያ ፈቃድ የላትም። ከመግሪብ በፊት ፖሊስ ይወስዳታል።»

ወዴት እንደሚወስዳት መጻፍ አላስፈለገም። አብዱረሺድ ወደ መካ ሲነዳ በሹመይሲ በኩል አለፈ፤ ፈቃድ የሌላቸው ሰዎች እስኪባረሩ የሚታጎሩበትን ማቆያ ረጅም አጥር ሲያይ ነዳጁን ረገጥ አደረገ።

ዙበይር የሞተበት የሐጃጆች ማረፊያ መካ፣ ሚስፈላ ሰፈር ውስጥ ያለ፣ ሐጂ ዓብዱላህ የሚያድሱት ባለ ሰባት ፎቅ ሕንፃ ነው። ኃላፊው አብዱልረሕማን በር ላይ ላቡን እየጠረገ ጠበቀው፤ አብዱረሺድን እንደሚያውቁት ሁሉ በልጁ ስም አቡ ሀጀር ብሎ ጠራው።

«አህለን አቡ ሀጀር! ነገሩ ግልጽ ነው፤ አታድክመው። ወለሉ እርጥብ፣ ሰውዬው መሰላል ላይ፤ ኸላስ፣ አለቀ።»

«መቸኮልህ ለምንድን ነው?»

«ነገ ጠዋት ተቆጣጣሪዎች ይመጣሉ። ካሜራዎቹ ካልሠሩ ፈቃድ የለም። ሐጂ ዓብዱላህን ከጠዋት ጀምሮ በስልክ ነፍሱን ሳወጣው ነው የዋልኩት።»

ይህን የተናገረው በኩራት ነበር። አብዱረሺድ ግን ቃሉን ልብ አለው።

ፈቲያን የአንሶላ መጋዘን ውስጥ ቆልፈውባት አገኛት። ከወሎ ለቤት ሠራተኛነት መጥታ፣ ከማዳሟ ጋር ሳይስማሙ ቀርተው የወጣች፣ ኢቃማዋ ካለቀ ዓመት ያለፋት ሴት ናት። ስታየው ብድግ አለች።

«ወላሂ አቡ ሀጀር፣ እኔ ወለሉን ያጠብኩት ንጋት ላይ፣ ከሱብሒ በኋላ ነው! በዚህ ሙቀት እስከ ዙህር የሚቆይ ውሃ የት አለ?»

«አስከሬኑን ያገኘሽው አንቺ ነሽ?»

«እኔው ነኝ። ቀትር ላይ፣ ዙህር አዛን ሲል ሦስተኛ ፎቅ ብወጣ ተንጋሏል። ወለሉ ደግሞ ውሃ በውሃ ነው። እኔን ያሳበደኝ እሱ ነው! ባልዲዬን ምድር ቤት አስቀምጨው ነበር የሄድኩት፤ እላይ ቆሞ ጠበቀኝ።»

«ይህን ለፖሊስ ነገርሽ?»

«ተናገርኩ። ኢቃማሽን አምጪ አሉኝ። ከዚያ ወዲያ የሚሰማኝ ጠፋ።»

አብዱረሺድ ፊቷን ማየት አቃተው። እሷ ዛሬ በሰው ሞት ተከሳ ከሄደች፣ ከእንግዲህ ማንም አይመልሳትም። ቀና ብሎ ሰዓቱን አየ፤ ፀሐይ ጠልቃ መግሪብ ሊደርስ ሦስት ሰዓት ቀርቶታል።

ሦስተኛው ፎቅ ላይ መሰላሉ እንደቆመ ነው። ከመሰላሉ ስድስት እርምጃ ርቆ፣ ከኮሪደሩ ጫፍ፣ የኔትወርክ ዕቃ የሚቀመጥበት ጠባብ ክፍል አለ። ከበራፉ ፊት ወለሉ የጂፕሰም ብናኝ ጠጥቶ ነጭ ሆኗል። አብዱረሺድ እንደ ልማዱ ጫማውን እዚያው አወለቀ፤ አወለቀና ደነገጠ። የእሱ ጫማ ካረፈበት አጠገብ፣ ብናኙ ላይ፣ ሁለት ንጹሕ የጫማ ቅርጾች ነበሩ። እዚህ የቆመ ጫማ ነበረ፤ ብናኙ በዙሪያው ሲወርድ ነበረ፤ በኋላ የሆነ ሰው አነሳው።

ስልኩን አውጥቶ ፎቶግራፉን አጎላ። ዙበይር ጫማ አድርጓል። ሁለቱም እግሮች ላይ ገመዱ ጥብቅ ተደርጎ ታስሯል። ራሱ ላይ የደም ምልክት የለም፤ በቀኝ መዳፉ መሐል ግን ምስር የምታክል ጥቁር ነጥብ ትታያለች።

የሐጂ ዓብዱላህ የኤሌክትሪክ ሠራተኛ ኻሊድ ከኋላው መጥቶ ቆሟል። ዓይኑ ቀልቷል፤ እጁ ላይ ፕላስቲኩ ያልተቀደደ አረንጓዴና ቢጫ የሽቦ ጥቅል ይዟል።

«ይሄ ምንድን ነው?»

«የኧርዝ ሽቦ ነው። ኮረንቲ ቢያፈተልክ ወደ መሬት የሚወስደው። ጠዋት ጎድሎኝ ጅዳ፣ ፔትሮሚን ወርጄ ገዛሁ። ስመለስ ልጁ የለም።»

«ዋናው መብራት ዛሬ ተለቆ ነበር?»

«ኧረ በፍጹም! ስዊቹን በባትሪ ነው ያሠራነው። እኔ ሳልመለስ እንዳትነኩት ብዬ ለአብዱልረሕማንም፣ ለሐጂም በስልክ ተናግሬያለሁ።»

«ሐጂን ፔትሮሚን መጋዘናቸው አላገኘሃቸውም?»

«የሉም። ቀደም ብለው ወደ መካ ወጡ አሉኝ።»

«ምድር ቤት የመብራት ሳጥኑን ቆልፈህ ነበር?»

ኻሊድ ጥቅሉን አገላበጠው። «አልቆለፍኩም» አለ በመጨረሻ።

አብዱረሺድ ባዶ እግሩን ገብቶ ላፕቶፑን ከስዊቹ ጋር አገናኘ። ስዊች የሚባለው የሕንፃው ኬብል ሁሉ የሚሰበሰብበት፣ ማን ከማን ጋር እንደሚገናኝ የሚወስን ሣጥን ነው። ተራው ዓይነት የሰኩበትን ሁሉ ይቀበላል። ይህኛው ግን በትእዛዝ የሚተዳደር ነው፦ እያንዳንዱን መሰኪያ፣ ማለትም ፖርት፣ ሰው ከፍቶ ይዘጋዋል፤ የሆነውንም ሁሉ ከነሰዓቱ ይመዘግባል። ዙበይር መጀመሪያ ሰዓቱን ያስተካክላል፤ ቀጥሎ ፖርቶቹን በሙሉ ይዘጋል። ከዚያ ዕቃ ሊሰቅል ሲል የዚያን ዕቃ ፖርት ብቻ ይከፍትና፣ ትእዛዙን አስቀምጦ ይነሳል። ካላስቀመጠ መብራት ሲጠፋ ድካሙ ሁሉ እንደሚጠፋ ያውቃል።

ኻሊድ የነገረውን ፓስወርድ አስገብቶ አነበበ። ከአንድ እስከ ስምንት ክፍት። ዘጠነኛው ፖርት ዝግ።

«ከመሰላሉ በላይ ያለው ካሜራ ቁጥሩ ስንት ነው?»

«ዘጠኝ።»

ቀጥሎ የሰዓት መዝገቡን አወጣ። ስዊቹ ሁለት የኃይል ገመድ አለው፤ አንዱ ከባትሪ፣ ሌላው ከዋናው መብራት። መዝገቡ የሚለው ይህን ነው፦ ከረፋዱ አምስት ሰዓት ከአምስት ላይ ስምንተኛው ፖርት ተከፈተ። አምስት ከሰባት ደቂቃ ላይ ዋናው መብራት ገባ። አምስት ከአሥራ አንድ ደቂቃ ላይ ጠፋ። ከዚያ በኋላ ምንም የለም።

ስዊቹን ፈትቶ ጀርባውን በባትሪ መብራት አየ። የዋናው መብራት ገመድ በብሎንና በብረት መደርደሪያው መሐል ተጨፍልቆ መዳቡ ወጥቷል። የኧርዝ ሽቦው መታሰሪያ ባዶውን ቀርቷል። አብዱረሺድ እዚያው ቁጢጥ ብሎ ቀረ። ባዶ እግሩ ቀዝቃዛው ሴራሚክ ላይ ነበር፤ ዙበይር ለምን እንደሞተ ያን ጊዜ ሙሉ በሙሉ ገባው።

ዐስር፣ የከሰዓቱ ሶላት፣ ከተሰገደ በኋላ ሁሉንም ምድር ቤት አዳራሹ ውስጥ ሰበሰባቸው። ፈቲያ፣ ኻሊድና አብዱልረሕማን አሉ። ፈቲያን ሊወስድ የመጣው ፖሊስም በር ላይ ቆሟል። ሐጂ ዓብዱላህ የዙበይርን ልብስና መሣሪያ በካርቶን አድርገው መጥተዋል። ከልባቸው ያለቅሱ ነበር፤ ያንን ማንም አይክዳቸውም።

«ኮምቦልቻ ላለችው እናቱ እልከዋለሁ» አሉ።

«ሐጂ፣ ዛሬ መካ የገቡት ስንት ሰዓት ነው?»

«ዙህርን እዚህ ሰገድኩ። ያን ጊዜ ሰማሁ።»

«ካርቶኑ እንዳይፈታ ይሰሩት እንጂ። ገመድ ይኸው።»

ሐጂ ካርቶኑን ማሰር ጀመሩ። እጃቸው ሳያስቡት ይሄዳል፦ ሁለት ጊዜ ጥምጥም፣ ጫፉን ወደ ውስጥ፣ ጥብቅ። አብዱረሺድ እስኪጨርሱ ጠበቀና፣ ለፖሊሱ በዓረብኛ፣ ለሌሎቹ በአማርኛ እየደገመ መናገር ጀመረ።

«ዙበይር ከመሰላል አልወደቀም። መሰላል ላይም አልወጣም። ፖርቱን ሳይከፍት ካሜራ ሊሰቅል የሚሄድ ልጅ አይደለም፤ ምክንያቱም ካሜራው ኃይል የሚያገኘው በዚያው ኬብል ነው፤ የካሜራው መብራት ሲበራ እዚያው መሰላሉ ላይ ሆኖ ካላየ አይወርድም። ዘጠነኛው ፖርት ደግሞ እስካሁን ዝግ ነው።»

«ታዲያ የት ሞተ?» አለ አብዱልረሕማን።

«ስዊቹ ፊት። ጫማው ከክፍሉ በራፍ ላይ ቆሞ እንደነበር ብናኙ ይመሰክራል። እናንተ ዋናው መብራት አልተለቀቀም ትላላችሁ። ስዊቹ ግን ለአራት ደቂቃ ተለቆ ነበር ይላል። ገመዱ ተጨፍልቆ ብረቱን ነክቶታል፤ ኧርዝ የለም፤ ልጁ ባዶ እግሩን ነው፤ መዳፉ ብረቱ ላይ ነው። ኮረንቲ ያዘው።»

ኻሊድ ፊቱን በእጆቹ ሸፈነ።

«ከዚያ አንድ ሰው መጥቶ አየ። መብራቱን አጠፋ፤ ልጁን ስድስት እርምጃ ጎተተ፤ የፈቲያን ባልዲ አምጥቶ ውሃ ደፋ። ባዶ እግሩን መሰላል የሚወጣ የለምና ጫማውንም አደረገለት። ስህተቱ እዚያ ላይ ነው። ዙበይር በቀን አሥር ጊዜ ጫማ ስለሚያወልቅ ገመዱን አስሮት አያውቅም፤ ተረከዙን ረግጦ ነበር የሚሄደው።»

ስልኩን ለፖሊሱ ሰጠው። ፖሊሱ የጫማውን ገመድ አየ፤ ካርቶኑን አየ፤ ደግሞ ስልኩን አየ።

«ይህ ቋጠሮ የሐጃጅ ሻንጣ ማሰሪያ ነው» አለ አብዱረሺድ ቀስ ብሎ። «ሐጂ ጅዳ ወደብ ላይ ጎረምሳ ሳሉ ሻንጣ እያሰሩ የተማሩት። ኻሊድ የሚያስረው በፕላስቲክ ነው፤ ደግሞም በዚያ ሰዓት ፔትሮሚን ነበር። እርስዎ መጋዘንዎ እንዳልነበሩ፣ ቀደም ብለው ወደ መካ እንደወጡም እዚያው ነግረውታል።»

ሐጂ ዓብዱላህ እጃቸውን ከካርቶኑ ላይ አላነሱም።

«ኻሊድ አጉል ይጠነቀቃል ብዬ ነው» አሉ። «አብዱልረሕማን እየደወለ… መብራቱን ለቅቄ ልየው ብዬ ነው። ወጥቼ ሳየው… አሥራ አራት ሰው በእኔ ስም በወጣ ኢቃማ ነው የሚኖረው፤ የሥራ ፈቃዴ ከተነጠቀ ሁሉም ሹመይሲ ነው። እሷ ግን ዛሬም ነገም መሄዷ አይቀርም አልኩ።»

«እኔም እናት አለችኝ ሐጂ» አለች ፈቲያ።

«ሲያገኙት ይተነፍስ ነበር?» ሲል ጠየቀ አብዱረሺድ።

«አላየሁም» አሉ። «ቶሎ ጫማውን ላደርግለት ነበር የቸኮልኩት።»

ፖሊሱ ክንዳቸውን ያዘ። በር ላይ ሲደርስ ፈቲያን ዞር ብሎ አያት፤ እኔ የመጣሁት ለሟቹ ጉዳይ ነው አለና ሐጂን ብቻ ይዞ ወጣ። አብዱልረሕማን ራሱን አቀርቅሮ፣ እሁድ ኢቃማዋን ለማስተካከል ራሱ ይዟት እንደሚሄድ ተናገረ። ማንም አላመሰገነውም።

ፈቲያ ግን አንድ ነገር አልወጣላትም።

«አቡ ሀጀር፣ ያ ጫማ ከሥሩ ወፍራም ጎማ ነበረው። አድርጎት ቢሆን ይተርፍ ነበር?»

«ይተርፍ ነበር ይሆናል።»

«ታዲያ ማን ነው አውልቀህ ግባ ያለው?»

አዳራሹ ውስጥ የቀሩት ሁለቱ ሰዎችም ቀና አሉ። አብዱረሺድ ዝም ቢል የሚያውቅበት አልነበረም፤ ምስክሩ ሞቷል። የዛሬ ዘጠኝ ዓመት፣ በመጀመሪያው ቀን፣ «አቧራ ዕቃ ይገድላል፤ ወደ ስዊች ክፍል እንደ መስጊድ ጫማህን አውልቀህ ግባ» ብሎት ነበር። ዙበይር አንድም ቀን አልረሳለትም።

«እኔ ነኝ» አለ።

ካርቶኑን ታቅፎ ሊወጣ ሲል፣ ላፕቶፑን እላይ መርሳቱን አስታወሰ። ሦስተኛ ፎቅ ወጣ። ከበራፉ ሲደርስ እጁ እንደ ልማዱ ወደ ጫማው ወረደ፤ እዚያ ላይ ቆመ፤ ከዚያ ከነጫማው ገባ። ወለሉ ላይ የነጭ ብናኝ ዱካውን ትቶ፣ ላፕቶፑን ነቅሎ፣ ስዊቹን አጠፋው። ሪፖርቱን እዚያው ቆሞ ጀመረ። «የአደጋው ምክንያት» በሚለው ሥር የሐጂ ዓብዱላህን ስም ጻፈ፤ ቀጥሎ መስመር ወርዶ የራሱን ስም ከነአባቱ ጻፈ።