ወሬ የተከለከለባት መኪና

«ቀስ ብላችሁ ተንፍሱ» አለ አባት።

ከኋላ የተቀመጠችው ልጅ ትንፋሿን ዋጥ አደረገች። መሪውን የያዘችው እናቷም ከንፈሯን ገጠመች። ብርድ በሆነ ቁጥር በዚህች አሮጌ መኪና ውስጥ ወሬ ክልክል ነው። ሰው ሲያወራ መስታወቱ ጉም ይለብሳል፤ መስታወቱ ጉም ሲለብስ መንገዱ ይጠፋል። አባቷ የአውቶቡስ ሾፌር ስለሆነ በመኪና ጉዳይ ቃሉ ሕግ ነው። ለሁሉም የየራሳቸው መወልወያ አድሏቸዋል፤ የእሷ ድርሻ የድሮ ካልሲ ነው። ራሱ አባቷ እንኳ ጨዋታ ጀምሮ አይጨርስም። «እኔ ለመንጃ ፈቃድ የተፈተንኩ ዕለት…» ይልና፣ ልክ ወሬው ሲጥም «ዝም፣ መስታወቱ!» ብሎ ያቋርጠዋል። ስንት ክረምት አለፈ፣ ያቺ ወሬ እስካሁን አላለቀችም።

ችግሩ እናቷ ይህን ሕግ ፈተና ላይ ይዛው መሄዷ ነው። ባለፈው ለመንጃ ፈቃድ ስትቀርብ ፈታኙን «ይቅርታ ያድርጉልኝና አይተንፍሱብኝ» አለችው። ሰውዬው ደንግጦ ትንፋሹን ያዘ። እሷ ደግሞ አንድ እጇን ከመሪው አንስታ መስታወቱን ስትወለውል፣ መኪናዋ ከመንገድ ዳር ምልክት ጋር ተሳሳመች። ፈተናውን ወደቀች። ወሬው ሰፈሩን አዳረሰ። እናቷ ልብስ ሰፊ ናት፤ የሰፋችውን ራሷ እየነዳች ለደንበኞቿ ማድረስ ከተመኘች ቆይታለች። «ዛሬም ከወደቅሁ በቃኝ፣ ሁለተኛ መሪ አልነካም» ብላለች። እሷ ደግሞ ካለች አለች ናት።

ልጅቷ መነጽር ስለምታደርግ አባቷ «አራት ዓይና» ይላታል። ስለ ጉም ከእሷ በላይ አዋቂ የለም፤ ከብርድ ወደ ሞቀ ቤት በገባች ቁጥር መነጽሯ ጉም ለብሶ ያሳውራታል። ሰሞኑን አንድ ነገር ሲያብሰለስላት ከርሟል። በሙቀት ወራት ማቀዝቀዣው፣ ኤሲው፣ ሲከፈት ከመኪናዋ ሥር ውሃ ይንጠባጠባል። ያ ውሃ ከየት ይመጣል? ከአየሩ ነዋ። እንግዲያው ኤሲ አየሩን ያደርቃል ማለት ነው። ከደረቀ አየር ደግሞ ጉም ከየት ይመጣል?

«አባዬ፣ ኤሲውን ከማሞቂያው ጋር እንክፈተው?»

አባቷ ዞር ብሎ አያት። «በዚህ ብርድ? ደህና ነሽ ልጄ?»

«ያደርቃል እኮ። አንዴ ብቻ።»

«እሺ፣ አራት ዓይና። ሞክሪ።»

በሁለቱ ወንበሮች መሃል እጇን ሰዳ ማብሪያውን ተጫነች። መብራቱ በራ። ከዚያ በኋላ ምንም። ጉሙ እንዳለ ነው። አባቷ እስኪያስለው ድረስ ሳቀ፤ በሳቁ ጉሙ ባሰበት። «በቃ፣ ሁለተኛ እንዳትነኪው» ብሎ አጠፋው። የእሷ ፊት በርበሬ መሰለ።

መፈተኛው ግቢ ሲደርሱ ፀሐይ ወጥታ ብርዱ ጋብ ብሏል። አባቷ ሻይ ሊገዛ ወረደ። እናቷ ጨርቋን እንደ እርጥብ ልብስ ትጠመዝዘዋለች። ፈታኙ፣ ያው የባለፈው ሰውዬ፣ ከቢሮው ወጥቶ ወደ እነሱ መምጣት ጀመረ። የፊት መስታወቱ ጭጋግ ነው።

ልጅቷ የጎኑን መስኮት በካልሲዋ ወልውላ ሣሩን አየች። ጠዋት ውርጭ የሸፈነው ሣር አሁን ጠል ብቻ ሆኗል። ኤሲው ጠዋት እምቢ ያለው ብርዱ በዝቶበት ቢሆንስ? ውስጡ በረዶ እንዳይሠራበት አውቆ ተኝቶ ቢሆንስ? እርግጠኛ አልነበረችም። አባቷ እንዳትነኪው ብሏል። ደግሞ እምቢ ካለ የእናቷ ወኔ ጭራሹን ይከዳታል። ዝም ማለት ቀላል ነበር፤ በዚህች መኪና ውስጥ ደግሞ ዝምታ የለመደችው ነገር ነው።

«እማዬ፣ ልድገመው?»

እናቷ ጨርቁን አየች፣ ልጇን አየች። «ከዚህ ጨርቅ የባሰ ምን ያመጣል? ድገሚው።»

ተጫነችው። ከኮፈኖው ሥር ጠቅ የሚል፣ ጠዋት ያልተሰማ ድምፅ ወጣ። ሞተሩ ትንሽ አጉረመረመ። ማሞቂያው ሞቅ ያለ ደረቅ አየር ነፋ፤ ጉሙም ከታች ጀምሮ ወደ ላይ እየሸሸ ሄደ። መጀመሪያ ሣሩ ታየ፣ ከዚያ አጥሩ፣ ከዚያ ሰማዩ። እናቷ ጨርቁን ወደ ኋላ ወረወረችላት።

ፈታኙ በሩን ከፍቶ ቆመ። «ዛሬስ መተንፈስ ይፈቀድልኛል?»

«እንደ ልብዎ» አለች እናቷ።

ልጅቷ ወረደች። አባቷ ሻዮቹን ይዞ ሲመለስ መኪናዋ ተነሥታለች። በልጅቷ እጅ ያለውን ጨርቅ ሲያይ ክው አለ።

«ወይኔ፣ ጨርቋን ረሳችው!»

«አልረሳችውም አባዬ። እያት።»

መኪናዋ በአጠገባቸው ዞረች። በጠራው መስታወት ውስጥ የፈታኙ አፍ ያለ እረፍት ይንቀሳቀሳል። እናቷም ትመልስለታለች፤ ሁለት እጆቿ መሪው ላይ ናቸው። አባቷ ሻዩን መጠጣት ረስቶ ቀረ።

እናቷ ከመኪናዋ ወርዳ እየሮጠች መጥታ ሁለቱንም አቀፈቻቸው። አለፈች። ሻዩ ጃኬታቸው ላይ ፈሰሰ፣ ማንም ግድ አልሰጠውም። ልጅቷን መሳቅም ማልቀስም አማራት።

ሲመለሱ ነጂዋ እናቷ ናት፤ አባቷን ወደ ኋላ ሰድዳ ልጅቷን ከጎኗ አስቀመጠች። እሱ የኤሲውን መብራት ያያል፣ መስታወቱን ያያል፣ ጨርቁን ያጣጥፋል። «አላልኩህም?» የምትለው ቃል ልጅቷ ምላስ ጫፍ ላይ ደርሳለች። ዞር ብላ ፊቱን አየችና ዋጠቻት።

«አባዬ፣ አንተ የተፈተንክ ዕለት ምን ሆነህ ነበር? ጨርሰህልን አታውቅም።»

አባቷ እንደ ልማዱ ወደ መስታወቱ አፈጠጠ። ፏ ብሎ ጠርቷል። ማምለጫ የለም። ጉሮሮውን ጠረገ።

«እንግዲህ… ቀበቶ አሰርኩ። ማርሽ አስገባሁ። እግሬን ነዳጁ ላይ አደረግሁ። መኪናዋ ንቅንቅ አልል አለች። ለካ ሞተሩን አላስነሣሁም።»

የሦስቱ ሳቅ መኪናዋን ሞላት። ልጅቷ ወደ ቤታቸው የሚያስገባው መታጠፊያ ሲቃረብ አየች። እናቷም አይታዋለች። መሪውን ሳታዞር ቀጥ ብላ አለፈችው።

«እሺ፣ ከዚያስ?» አለች።