የኋላው ስፒከር

ይህ የሆነ ነገር ነው። ከሰው ሰምቼ ያሳመርኩት አይደለም። የገዛ ቤተሰቤ ጉዳይ ስለሆነ፣ ብዋሽ የምዋሸው በእናቴ እንባ ላይ ነው።

ሐምሌ 2001 ዓ.ም. ነበር። ቦንጋ። ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ።

ዝናብ ይጥል ነበር... የቦንጋ ዝናብ ቆርቆሮ ላይ ሲወርድ የምታውቁ ታውቁታላችሁ። ጎን ለጎን የቆመ ሰው እንኳን አይደማመጥም።

ብዙ ሰው ክፉ ነገር የሚመጣው በጨለማ ይመስለዋል። የእኛ የመጣው በቀን ነው፣ መብራት በርቶ፣ ሰው ዕቃ ሲገዛ።

ታላቅ እህቴ በዛወርቅ ከባሏ ከሣህሌ ጋር ሆም ቴአትር ልትመርጥ የኤሌክትሮኒክስ ነጋዴው ኸሊፋ ሱቅ ገባች።

እኔ አብሬያቸው አልነበርኩም። ያየችውን እሷ ነገረችኝ። ኸሊፋንም ለብቻው ጠየቅኩት። ያንኑ ነገረኝ።

ነገር ከሥሩ፣ ውኃ ከጥሩ ነውና ትንሽ ወደ ኋላ ልመልሳችሁ።

በዛወርቅ የተዳረችው ከዚያ ሦስት ዓመት ቀደም ብሎ፣ በጥር ነው። ሣህሌ የቢሮ ሰው ነው። ጫማው የሚያብለጨልጭ፣ ለሽማግሌ ከወገቡ እጥፍ የሚል፣ እናታችንን «እትዬ ይመኙሻል» ብሎ ጠርቶ የማይጠግብ። መንደሩ ሁሉ «በዛወርቅ ታደለች» አለ። እኔም ብያለሁ። ምላሴን ይቁረጠው።

ያላለ አንድ ሰው ነበር። ወንድማችን ተድላ።

ተድላ ሺሺንዳ ከተማ ቡና ይነግድ ነበር። ለሠርጉ መጣ፤ እህቱን አጅቦ ሣህሌ ግቢ ከተጣለው ዳስ ገባ... ከዚያ በድግሱ መሃል ጠፋ።

«ሥራ ቸኩሎ ሄደ» አለን ሣህሌ። «በጋብቻውም ደስ ያለው አልመሰለኝም።»

በቃ። ከዚያ ወዲህ ስልክ የለ፣ መልእክት የለ። ቴፒ ነው ያለም አለ፣ ሱዳን ተሻግሯል ያለም አለ። እማዬ ከሺሺንዳ አውቶቡስ በገባ ቁጥር መናኸሪያ ሄዳ የሚወርደውን ሰው ፊት ታያለች።

በዛወርቅ ደግሞ አኮረፈች። «ወንድም ቢሆን ሳይመርቀኝ አይሄድም ነበር» አለች። ስሙን መጥራት ተወች። እኔ ግን እህቴን አውቃታለሁ። ከዓለም ነገር ሁሉ የምትፈልገው አንድ ነበር... ተድላ ለምን ትቷት እንደሄደ ማወቅ።

ወደ ሱቁ እንመለስ።

ጎረቤት ሆም ቴአትር ከገዛ ወዲህ ሣህሌ እንቅልፍ አጣ። የሰው ቤት ባስ የእሱን ግድግዳ ሲያንቀጠቅጠው ክብሩ የተነካ መሰለው። «እኛም እንግዛ» አለ።

ኸሊፋ የወራቤ ልጅ ነው። ቦንጋ የገባው ገና ጢም ሳያበቅል ነው። እሱ ሱቅ አንድ ደንብ አለ። ስፒከር በሱቁ ዘፈን አያስሞክርም።

«በዘፈን ሁሉም ስፒከር ጎበዝ ነው» ይላል። «የምታውቁትን ሰው ድምፅ ይዛችሁ ኑ። ደህናው የሚለየው ያኔ ነው።»

ስለዚህ የቦንጋ ሰው ሆም ቴአትር ሲገዛ የሠርጉን ሲዲ ይዞ ይሄዳል። በዛወርቅም የሠርጓን ሲዲ በፌስታል ጠቅልላ ሄደች።

ምርጫው ሁለት ነበር። አንዱ ትንሽ፣ ሁለት ስፒከርና አንድ ባስ። ሌላው ትልቅ... ሦስት ስፒከር ከፊት፣ ሁለት ከኋላ፣ ባሱ በርጩማ የሚያህል።

ኸሊፋ አግዳሚ ወንበር ላይ አስቀመጣቸው። ሁለቱን የኋላ ስፒከሮች ከጀርባቸው፣ በጭንቅላታቸው ልክ መደርደሪያ ላይ አደረገ። ዝናቡ ወደ ውስጥ ስለሚረጭ አንዱን የበር ክንፍ ዘጋው።

መጀመሪያ ትንሹን ሞከሩ። እልልታ፣ ጭብጨባ፣ ዘፈን። ሁሌም ቤት የሚሰሙት።

«ጥሩ ነው» አለ ሣህሌ።

«ትልቁንም እንስማው እንጂ» አለች በዛወርቅ።

ኸሊፋ ገመዱን ቀየረ።

ከፊት ያው እልልታ መጣ፣ አሁን ደመቅ ብሎ። ስክሪኑ ላይ በዛወርቅ በቬሎ ተቀምጣ ትስቃለች።

ከኋላ ግን... ዝንብ።

ብዙ ዝንብ። በዛወርቅ ጆሮዋ ሥር በእጇ አባረረች። እጇን የነካው ነገር የለም።

«ይሄ ሁሉ ዝንብ ከየት መጣ?»

ኸሊፋ ሳቀ። «ስፒከሩ ነው እህቴ። ሳራውንድ ይሉታል። ከጀርባሽ ያለውን ያሰማሻል።»

ቀጥሎ ቅጠል ተሰማ። ደረቅ የእንሰት ቅጠል ሲረገጥ የሚያወጣው ድምፅ። ቀጭ... ቀጭ... ወደ እሷ እየቀረበ።

ከዚያ ትንፋሽ።

ከግራ ጆሮዋ ሥር። በድምፅ ብቻ አልነበረም። አንገቷን ሞቃት።

ዞረች።

በጨርቅ የተሸፈነ ጥቁር ሣጥን ብቻ ነበር።

ሣህሌን አየችው። በዘፈኑ ልክ መሬት ይመታ የነበረው እግሩ ቆሟል። ፊት ለፊት ያያል። አይኑን አያርገበግብም።

«ምንድነው እሱ?» አለ ቀስ ብሎ። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ።

ያን ጊዜ የኋላው ስፒከር አንሾካሾከ።

«ሺሺንዳ አየኋት...»

በዛወርቅ አጠገቧ የነበረውን ሪሞት አንስታ ጭኗ ላይ አደረገች።

«ሚስትህን አየኋት፣ ሣህሌ። ልጅህንም። ቁርጥ አንተን ነው... አሁኑኑ ገብቼ ለእህቴ እነግራታለሁ።»

የተድላ ድምፅ ነበር። ሦስት ዓመት ስሙን ያልጠራችው ወንድሟ።

«ቆይ» አለ ሌላ ድምፅ። «ድግሱ ይለቅ። ወደዚህ ና... እዚህ ከእንሰቱ ጀርባ እንነጋገር።»

ይሄኛውን ድምፅ ለማወቅ ማሰብ አላስፈለጋትም። አብሯት ያድራል።

«ዝጋው» አለ ሣህሌ። «ትንሹን እንወስዳለን።»

«ትልቁን ነው የምፈልገው።»

«ትንሹን አልኩሽ፣ በዛ።»

ሪሞቱ ጭኗ ላይ ነበር። በሁለት እጇ ጨበጠችው።

ስክሪኑን አየች። ይህን ሲዲ ስንት ጊዜ አይታዋለች። ግን ሙሽራ የሚያየው ራሱን ነው። ከጎኗ ያለውን የሣህሌን ወንበር ገና ያን ቀን ነው ያስተዋለችው።

ባዶ ነበር።

ከፊት ዘፈኑ ደመቀ። ከኋላ...

ጧ።

የእንጨት ድምፅ አልነበረም። እርጥብ ነበር። ከዳሱ ጀርባ በሬ የታረደበት ቦታ ነበር፣ መጥረቢያውም እዚያው ተቀምጦ ነበር።

«በዙዬ...»

ጧ።

«በዙ...»

ጧ። ጧ።

ከፊት እልልልታ። ስክሪኑ ላይ በዛወርቅ አንገቷን ወደ ኋላ ጥላ ትስቃለች። ከኋላ የሚንተከተክ ነገር፣ ጉሮሮ ውስጥ ደም ሲሞላ የሚሰማው። ከዚያ የሚጎተት ነገር። ከዚያ አፈር... በአካፋ፣ ቀስ እየተባለ።

ስክሪኑ ላይ ሙሽራው ተመለሰ። በነጭ ሸሚዝ የወጣው ሰው በሰማያዊ ሸሚዝ መጣ። «በሬው ደሙን ረጨብኝ» ብሏት ነበር፣ ትዝ አላት። ስቀው ነበር። ኬኩን ቆርሶ በጣቱ አጎረሳት።

ያ ጣት።

በዛወርቅ እዚያው ሱቁ ወለል ላይ አስመለሳት።

«ተነሺ» አለ ሣህሌ። ድምፁ ለስላሳ ነበር። «ቤት እንሂድ።»

«ወንድሜን ገደልከው።»

«ቤት እንነጋገራለን።»

«ገደልከው።»

ኸሊፋ በመሃል ገባ። «ጋሼ፣ ይረጋጉ...» ብሎ እጁን ዘረጋ።

ሣህሌ ባንኮኒው ላይ የነበረውን የካርቶን መቁረጫ ምላጭ አንስቶ የተዘረጋውን መዳፍ ከአውራ ጣቱ እስከ አንጓው ተረተረው። ኸሊፋ ካርቶኖቹ ላይ ወደቀ። ሣህሌ የቀረውን የበር ክንፍ በእግሩ ገፍቶ ዘጋ።

ከዚያ የስፒከሩን ገመድ መዞ በእህቴ አንገት ላይ ጠመጠመው።

በደረቷ አስተኝቶ ጉልበቱን ጀርባዋ ላይ አደረገና ሳበ። ገመዱ ሥጋዋ ውስጥ ሲገባ ተሰማት። ከበሩ ውጭ ዝናብ የሸሸ ሰው ተጠልሎ ነበር፤ ስትራገጥ የሰማ የለም። አፏ ውስጥ ደም መጣ። ምላሷን ነክሳው ነበር።

ሣህሌ ጆሮዋ ላይ ጎንበስ ብሎ ያንሾካሹካል።

«ትንሹን ብትመርጪ ምን ነበረበት... ምን ነበረበት፣ በዛ...»

ይህን ሲል ያለቅስ ነበር ትላለች። እኔ አላዝንለትም።

ሲዲው አለቀ። ስክሪኑ ሰማያዊ ሆነ። ሱቁ ውስጥ የዝናቡ ድምፅ ብቻ ቀረ።

«ሣህሌ።»

ከኋላ።

አልጮኸም። ረጋ ብሎ ነው የጠራው።

«ወደ እኔ ዙር።»

ሣህሌ ዞረ። ገመዱ ላላ።

ኸሊፋ ያን ፊቱን አይቷል። ስፒከሩን ሳይሆን ከስፒከሩ ከፍ ያለ ነገር ነው የሚያየው አለኝ፤ ቆሞ ያለ ሰው የሚያይ ይመስል ነበር። አፉ ተከፈተ። የሆነ ነገር ሊለምን ነበር።

ኸሊፋ አልጠበቀውም። መሬት ላይ የነበረውን ከባድ የመብራት ስታብላይዘር በሁለት እጁ አንስቶ ፊቱ ላይ አወረደው። መንጋጋው ሲሰበር ተሰማ። ጥርሶቹ ካርቶኑ ላይ ተበተኑ። ደገመው።

«ሦስተኛውን የሰነዘርኩት ልገድለው ነበር፤ ወላሂ አልዋሽሽም» አለኝ ኸሊፋ። «የመዳፌ ደም አሙለጨለጨኝና ከእጄ ወጣ።»

ሣህሌ አልሞተም። ፖሊስ ሲይዘው አልካደም፤ መናገር ስላልቻለ ግቢው ድረስ ወስዶ በጣቱ አሳያቸው።

ከቤቱ ጀርባ፣ ለቆጮ የተቆፈረ ጉድጓድ ነው። በሠርጉ ሰሞን «ቆጮው ተበላሸ» ብሎ በአፈር ደፍኖት ነበር። የቆጮ ጉድጓድ ቢሸትም ማንም ለምን ሸተተ አይልም። እህቴ ባዶ መሬት አይባክን ብላ በላዩ ጎመን ተከለችበት። ጎመኑ ያምር ነበር። በየበዓሉ ለእማዬ ትልክላት ነበር።

እኔም በልቻለሁ።

ተድላን በኮባ ተጠቅልሎ አገኙት። ራስ ቅሉ በሁለት ቦታ ተከፍሏል። ሺሺንዳ ያለችው ሴትም ተገኘች። እሷም እንደ እህቴ «ታደልሽ» ስትባል የኖረች ናት፤ ምንም አታውቅም።

ፖሊስ ሲዲውን ሰማው። የተሰማው ዘፈን ብቻ ነው።

ሠርጉን የቀረጸውን ሰው ጠሩት። «ኬክ ከመቆረሱ በፊት ያለውን የግቢ ድምፅ በሙሉ አጥፍቼዋለሁ» አለ። «ጫጫታ ስለነበር ዘፈን ጫንኩበት። እዚያ ላይ የሰው ድምፅ የለም።» ማለ።

ኸሊፋ ስፒከሩን ውሰዱልኝ አለ። ሊሸጠውም ሊጥለውም አልደፈረም። በዛወርቅ የግራውን፣ ያንን ጆሮዋ ሥር ያንሾካሾከውን፣ መረጠች። አንገቷ ላይ ፋሻ እንደታሰረ አቅፋው እማዬ ቤት ገባች።

«ስለ ተድላ የነገረኝ ይሄ ነው» ብላ ሰጠቻት።

እማዬ አልጋዋ አጠገብ፣ ትንሿ ጠረጴዛ ላይ አስቀመጠችው። ከዚያ ቀን ወዲህ መናኸሪያ ሄዳ አታውቅም።

ስፒከሩ ገመድ የለውም። ከምንም ጋር አልተገናኘም። ግን ጠዋት ጠዋት ጨርቁ እርጥብ ነው... ሰው አፉን አስጠግቶ ሲተነፍስበት ያደረ ያህል። እኔ ራሴ ዳስሼዋለሁ። ይሞቃል።

እማዬ በነጠላዋ ጫፍ ትጠርገዋለች። በማግስቱ ደግሞ ይረጥባል።

ባለፈው ነጠላዋን ላጥብላት ወሰድኩት። ስፒከሩን የምትጠርግበት ጫፍ ላይ ቆጮ ቆጮ የሚሸት እርጥብ አፈር ነበር።

ልዘፈዝፈው ስል እማዬ ከመኝታ ቤቷ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ ተናገረች።

«አፈሩን እንዳትደፊው። አራግፈሽ አምጪልኝ።»

አራግፌ በእፍኜ ወሰድኩላት። ከአልጋዋ ሥር የወተት ጣሳ አውጥታ ክዳኑን ከፈተችልኝ።

ጣሳው በዚያው አፈር ሊሞላ ትንሽ ነው የቀረው።