የጊላድ ትልቁ ሞተር

«ዝም ብለህ ስማው» አለ ጊላድ፣ ከመሪው ኋላ ተቀምጦ ነዳጅ መስጫውን ረገጥ ረገጥ እያደረገ። የቀይዋ ስፖርት መኪና ኮፈን ተከፍቷል። ሞተሩ ሲያጓራ የባርኔአ ሰፈር ቪላዎች መስኮት ሁሉ የተንቀጠቀጠ መሰለ።

ጓደኛው ሮኒ ግን ለመስማት ሳይሆን ለመከራከር ነው የመጣው። ሁለቱም አሥራ ስምንት ዓመታቸው ነው፤ ወታደር ቤት እስኪጠሩ ድረስ ከዚህ ሌላ ሥራ የላቸውም። ሮኒ የካርቡራተር ጊዜ አልፏል ባይ ነው። ነዳጁን ኮምፒውተር የሚመጥንለት ሞተርና አውቶማቲክ ማርሽ ካልሆነ አይዋጥለትም፤ ከጥቂት ዓመት በኋላ ፍሪሲዮን የሚባለው ነገር ሙዚየም ውስጥ እንደሚገኝም ይምላል። ለጊላድ ይህ ስድብ ነው። ማርሽ በእጁ የማይቀይር ሰው ተሳፈረ እንጂ ነዳ አይባልም። እሱማ የዚችን አሮጌ የጣሊያን መኪና ትንሽ ሞተር አውጥቶ ትልቅ አስገብቶባታል፤ ባለ አምስት ማርሽ ካምቢዮም ገጥሞላታል። ነገ ጠዋት በባሕሩ ዳር መንገድ ከአሽዶድ ከሚመጡ ልጆች ጋር ይሽቀዳደማል። ሁለት ወር ሙሉ የሰፈሩ ወሬ ይኸው ነው።

ውብአየሁ ደረጃው ላይ ከኖዓ ጋር ተቀምጣለች፤ የሒሳብ ደብተር ጉልበቷ ላይ ተዘርግቷል። ኖዓ የጊላድ እህት ናት። ሁለቱ ልጃገረዶች የአንድ ክፍል ተማሪዎች ስለሆኑ አርብ አርብ ለባግሩት፣ ለሁለተኛ ደረጃ መልቀቂያው ፈተና አብረው ያጠናሉ። እዚህ ሰፈር ውብአየሁን የሚያውቋት ያፊት በሚል የዕብራይስጥ ስም ነው። ከሱዳን ወደዚህ አገር በገባች በሳምንቱ የስሟን ትርጉም የጠየቀች አስተማሪ ነበረች ያንን ያወጣችላት። ቤቷ ስትገባ ግን ያው ውብአየሁ ናት።

ዛሬ ደብተሩን ታየዋለች እንጂ አታነበውም። ሁለት ሳምንት ሙሉ አንጀቷን የሚያሳርራት ነገር አለ።

ያን ቀን አጎቷ ጋሼ ክንዴ ሊወስዷት ከሚኖሩበት ከአቲቆት ሰፈር መጥተው ነበር። ጋሼ ክንዴ ጎንደር ሳሉ ከመተማ እህል የሚያመላልሱ የጭነት መኪና ሹፌር ነበሩ፤ አሁን የሚግዳልን ገበያ ይጠርጋሉ። የተከፈተውን ኮፈን ሲያዩ እግራቸው አላልፍ አላቸው። እጃቸውን ወደ ኋላ አጣምረው፣ ጎንበስ ብለው ደህና አድርገው ተመለከቱት። ከዚያ በአማርኛ መከሩ፤ እሷ ወደ ዕብራይስጥ መለሰችው። ትልቁ ሞተር ከመግባቱ በፊት ሞተሩን ደግፈው የሚይዙት ጎማዎች ይቀየሩ፤ የድሮዎቹ አይችሉትም። አንዱ ከተቀደደ ሞተሩ ብድግ ብሎ የነዳጅ መስጫውን ሽቦ ይጎትታል፤ ያኔ እግር ቢነሣም መኪናው አይቆምም። እሳቸው የመተማ ቁልቁለት ላይ ይኸው ደርሶባቸው ለጥቂት ነው የተረፉት።

ጊላድ እስከ መጨረሻው አዳመጣት። ከዚያም «እዚያ አገር አህያው ስንት ማርሽ ነበረው በያቸው» አለ። በዙሪያው የቆሙት ልጆች በሳቅ ፈረሱ። ሮኒም አብሮ ሳቀ።

«ምን አለ?» አሉ ጋሼ ክንዴ።

«አመሰግናለሁ ነው ያለው» አለች ውብአየሁ።

ጋሼ ክንዴ እጃቸውን ደረታቸው ላይ አድርገው፣ ከወገባቸው ዝቅ ብለው፣ ለዚያ ጎረምሳ እጅ ነሡ። «ምንም አይደል ልጄ» አሉት። ልጆቹ የባሰ ሳቁ። ስድቡንስ ምናልባት ትረሳው ነበር። አጎቷ ለሰደባቸው ሰው እጅ መንሣታቸውን፣ ያውም በእሷ ውሸት፣ ልትረሳው አልቻለችም። ጊላድን ባየችው ቁጥር አንድ ቀን ታገኛታለህ ትለዋለች በሆዷ።

አሁን ጊላድ የሞተሩን ጉልበት ለሮኒ ሊያሳይ ማርሽ አስገባና የእጅ ፍሬኑን ይዞ ፍሪሲዮኑን በግማሽ ለቀቀ። ሞተሩ በግራ በኩል እንደሚፈላ ድስት ክዳን ብድግ አለ። የያዘው ጎማ ለሁለት ተቀዷል። የነዳጁ ሽቦ ተወጠረ፣ ከዚያም ተመለሰ። ሁለቱ ጭቅጭቃቸው ላይ ስለነበሩ ልብ አላሉትም። ያየችው ውብአየሁ ብቻ ናት።

ደስ አላት። እውነቱ ይኸው ነው፣ ደስ አላት። ነገ በዚያ ሁሉ ሰው ፊት መኪናዋ አሸዋ ውስጥ ገብታ ስትቀር፣ ጊላድ አፉን ከፍቶ ሲቆም ታያት። እሷ ዝም ብትል ማን ይጠይቃታል? ምክሩን እንደሆነ በጆሮው ሰምቶታል፤ በአህያ የመለሰው እሱ ራሱ ነው። እርሳሷን አንሥታ ሒሳቡን መሥራት ጀመረች።

«ነገ አጠገቡ የምቀመጠው እኔ ነኝ» አለች ኖዓ በሹክሹክታ። «እናቴ አታውቅም።»

ውብአየሁ እርሳሷን አስቀመጠች። ያን ቀን ያልሳቀችው ኖዓ ብቻ ነበረች።

«አትግቢ» አለቻት።

«ለምን?»

«ዝም ብለሽ አትግቢ።»

ኖዓ ሳቀችና በትከሻዋ ገፋ አደረገቻት፤ ቅናት ነው አለቻት። ውብአየሁ ኖዓን አውርዳ ጊላድን ብቻውን የምታስቀምጥበት መንገድ ብትፈልግ ብትፈልግ አልመጣላትም። አሸዋ ላይ የቆመችው መኪናም ከዓይኗ ጠፋች። በምትኳ የመጣው የመንገዱ ዳር የድንጋይ ግንብ ነው። ሁለት ሳምንት ያሳደገችው በቀል በኖዓ ምክንያት ከእጇ ሊያመልጥ መሆኑ አናደዳት። እየተናደደች ተነሣች።

«ጊላድ፣ ውረድና ሞተሩን እየው። ሮኒ ይርገጠው» አለች።

ጊላድ እያላገጠ ወረደ። ሮኒ ማርሽ አስገብቶ፣ ፍሬኑን ይዞ፣ ፍሪሲዮኑን በግማሽ ለቆ ነዳጅ ሰጠ። ሞተሩ ብድግ አለ፤ ሽቦው ተወጥሮ እዚያው ተቀረቀረ። ሮኒ እግሩን አነሣ። ሞተሩ ግን ጩኸቱን አልተወም። ሮኒ አልረገጥኩም ለማለት ሁለት እጁን ሽቅብ ሲያነሣ ጊላድ በመስኮት እጁን ሰዶ ቁልፉን አዞረው።

የሞተሩ ጩኸት ሲቆም ኖዓ ከደረጃው ተነሥታ ቆማ ነበር። ጊላድ የተቀደደውን ጎማ በጣቱ ነካው፤ ፊቱ ነጭ ሆነ።

«አርብ ከሰዓት ክፍት ሙሳኽ የለም» አለ ሮኒ። ጋራዡ ሁሉ ዘግቷል።

ጊላድ ወደ ውብአየሁ ዞረ። «ያ ሰውዬ... ሊሠራው ይችላል?»

«ጋሼ ክንዴ ይባላሉ። ከአሮጌ ጎማ ቆርጠው በአንድ ሰዓት ይሠሩታል።»

«ስልክ አላቸው?»

«የላቸውም። ሄጄ ነው የምነግራቸው። ብስክሌት ስላላቸው ቶሎ ይደርሳሉ። ግን ዘጠኝ ሰዓት ላይ ለሰንበት ገላቸውን ታጥበው ነጭ ለብሰው ይቀመጣሉ። አንዴ ነጭ ከለበሱ እስከ ነገ ማታ መኪና አይነኩም።»

ጊላድ ሰዓቱን አየ። ስምንት ሊሆን አምስት ደቂቃ ቀርቶታል። «አውቶቡሱ ስምንት ላይ ያልፋል። ትደርሽበታለሽ» አለ።

«ያን ቀን ምን እንዳልካቸው ቢጠይቁኝስ ምን ልበል?»

«አላወቁም እንዴ?»

«ያመሰገንካቸው ነው የመሰላቸው።»

የጊላድ ጆሮ ቀላ። መሬት መሬቱን እያየ፣ ይቅርታ በይልኝ አላት።

«እሱን አንተ ነህ የምትላቸው፤ እኔ እተረጉማለሁ» አለች። «አሁን ቁልፉን ስጠኝ። አላምንህም።»

ኖዓ ወንድሟን አፍጥጣ አየችው። ጊላድ ጥቂት አመነታና ቁልፉን ውብአየሁ መዳፍ ላይ አስቀመጠው።

ውብአየሁ ፌርማታው ስትደርስ አውቶቡሱ ከመታጠፊያው ብቅ አለ። በአውቶቡስ አቲቆት አሥር ደቂቃ ነው፤ በእግር ከአንድ ሰዓት ያልፋል፤ ያኔ ጋሼ ክንዴ ነጭ ለብሰዋል። አጎቷን ታውቃቸዋለች። አሁን ከደረሰችባቸው የተባሉትን ሁሉ ብትነግራቸው እንኳ ብስክሌታቸውን አንሥተው፣ ጎማውን ሠርተው፣ እንደገና እጃቸውን ደረታቸው ላይ ያደርጋሉ። ጊላድም ነገ ይሽቀዳደማል፤ ምናልባትም ያሸንፋል። የአሽዶድ ልጆች መጥተው ባዶ መንገድ ቢያገኙ ግን የሚሞት ሰው የለም።

አውቶቡሱ ቆመ፤ በሩ ተከፈተ። ሹፌሩ ያላ ልጄ፣ ቶሎ በይ፣ ሰንበት ሊገባ ነው፣ ግቢ አላት።

ውብአየሁ ቁልፉን ኪሷ ውስጥ ጨበጠችና ሂድ ብላ በእጇ ምልክት ሰጠችው። በሩ ተዘጋ። ለጋሼ ክንዴ እውነቱን የምትነግርበትን ቃል እየፈለገች በባሕሩ በኩል ባለው ረጅሙ መንገድ መሄድ ጀመረች። አልቸኮለችም።