የኦቦ ኩምሳ መኪና ማሞቂያ

የታኅሣሥ ውርጭ የሱሉልታን ሜዳ ነጭ ባደረገበት በሃምሳ ስምንት ዓመተ ምሕረት፣ የኦቦ ኩምሳ አሮጌ ፒክ አፕ ማሞቂያ ሥራ አቆመ። ለምን እንዳቆመ የሚያውቀው ሾፌሩ ወንዳፍራሽ ብቻ ነበር።

ወንዳፍራሽ በየማለዳው የኦቦ ኩምሳን ወተት ጭኖ በእንጦጦ በኩል አዲስ አበባ ይወርዳል። የኦቦ ኩምሳ ልጅ ተረፈችም ጽሕፈት መኪና ልትማር አብራው ትሄዳለች። ኦቦ ኩምሳ ሰው የሚያምኑ ናቸው፤ ቢሆንም በሁለቱ መካከል ሁልጊዜ አንድ ቅርጫት ቅቤ ያስቀምጣሉ።

አንድ ማለዳ ሞተሩ ገና ሳይሞቅ ወንዳፍራሽ ጋቢውን ሰጣት።

«አንተስ?» አለችው።

ጋቢው ለሁለት እንዲበቃ ቅቤው ወደ እግር ሥር ወረደ። ብዙም ሳይቆይ ማራገቢያው ሙቀቱን መንፋት ሲጀምር ጋቢው ተመለሰ፤ ቅቤውም ወደ ሹመቱ ወጣ። በማግስቱ ወንዳፍራሽ እጁን ከዳሽቦርዱ ሥር ሰደደና የማራገቢያውን ሽቦ ነቀለ።

ከዚያ ወዲያ ጉዳዩ ምርመራ ሆነ። መንገድ ዳር መኪናውን ያቆማል፤ ከዳሽቦርዱ ሥር ይገባል፤ ያቃስታል። ተረፈች የእጅ ባትሪ ታበራለታለች።

«ይሄ የማራገቢያው ሞተር ነው። ይሄ ማብሪያው። ይቺ ትንሿ ብርጭቆ ደግሞ ፊውዝ ናት፤ እሷ ከሌለች ኤሌትሪኩ አያልፍም።»

«ታዲያ ብልሽቱን ታገኘዋለህ?»

«ነገ ሳላገኘው አልቀርም።»

ተረፈች የእጅ ባትሪዋን ዝቅ አደረገች። ለድካሙ አዝናለት ነው ብሎ ተረጎመው።

ነገሩ እየገፋ ሲሄድ ወንዳፍራሽ ጎረቤቱን ኦቦ ነገሳን ሽማግሌ እንዲሆኑለት ለመነ። ለእሁድ ተቀጠረ። ቅጥር ሾፌር የጌታውን ልጅ ሲጠይቅ ያለው ሀብት ስሙ ብቻ ነው፤ ወንዳፍራሽም ስሙ ንጹሕ ነበር፣ ቢያንስ ከዳሽቦርዱ በላይ ያለው።

ከዚያ ተረፈች ማሳል ጀመረች።

መጀመሪያ ቀስ ብላ፣ በነጠላዋ አፍና። እያደር ግን ሳሏ ትከሻዋን ያንቀጠቅጠው ጀመር። በሳለች ቁጥር ወንዳፍራሽ መሪውን ይጨብጣል እንጂ ዞሮ ሊያያት አይደፍርም። በእሷ ብርድ ነው የምሞቀው ብሎ አሰበ፤ ካሰበው በኋላም ጋቢው ከበደው።

አባትየው ሳሏን ሰሙ።

«ነገ እኔ ፊት ትሠራዋለህ» አሉት። «ካልተሠራ ልጄ በአውቶቡስ ትሄዳለች።»

«እሺ ኦቦ።»

ያን ምሽት መኪናውን ሲያቆም ሽቦውን መልሶ አሰረ። ነገ ትንሽ ነካ ነካ ያደርጋል፤ ማብሪያውን ይጫናል፤ አለቀ።

«አካም ቡልቴ» ብለው እንዴት አደርክ አሉት ኦቦ ኩምሳ በማለዳው፤ በርጩማቸውን ይዘው መጥተው ነበር። ተረፈች ከወተት ቢዶኖቹ አጠገብ ቆማለች። ወንዳፍራሽ ሞተሩን አስነሳ፤ ነካ ነካ አደረገ፤ ማብሪያውን ተጫነ።

ማራገቢያው አልተንቀሳቀሰም።

እንደገና ተጫነ። ስንት ቀን ሲያስመስል የከረመ ሰው በእውነት መመርመር ሲኖርበት ከየት እንደሚጀመር ይጠፋዋል። ሽቦ የተቀጠለበት አምፖል አመጣ። የመኪናው ባትሪ ላይ በራ። ማራገቢያው ጋ አልበራም። ከባትሪው ቀጥታ ሽቦ ስቦ የማራገቢያውን ሞተር ቢነካው ማራገቢያው ተሽከረከረና የከረመ አቧራና ገለባ ፊቱ ላይ ተፋበት።

«ሠራ» አሉ ኦቦ ኩምሳ።

«ሞተሩ ደኅና ነው ኦቦ። ኤሌትሪኩ ነው የማይደርሰው።»

ሽቦውን ተከትሎ ወደ ኋላ ተመለሰ። የፊውዟ ቦታ ባዶ ነበር። ቀና ሲል ተረፈች የቢዶኖቹን ክዳን በጥንቃቄ ትመረምራለች።

ኦቦ ኩምሳ ጎንበስ ብለው አዩ። «ማን አወጣት?»

«እኔ» አለ ወንዳፍራሽ።

«እሱ አይደለም አባ።»

ተረፈች መጣች። የነጠላዋን ጫፍ ቋጠሮ ፈታች፤ ፊውዟ ከዚያ ወጣች። ዘርግታ ሰጠች እንጂ ቀና አላለችም።

ወንዳፍራሽ ዝም ቢል ኖሮ ነገሩ በዚያ ያልቅ ነበር፤ ሥራውም እሁዱም ይተርፉለት ነበር።

«እኔም ሽቦውን ነቅዬው ነበር» አለ። «ትናንት ነው የመለስኩት።»

ኦቦ ኩምሳ በየተራ አዩዋቸው።

«እኔ ደግሞ» አሉ በመጨረሻ፣ «በረዳቸው ብዬ ሁለተኛ ጋቢ ገዝቼ ነበር።»

ከዚህስ ቢሰድቧቸው ይሻል ነበር። በርጩማቸውን አንስተው ገቡ፤ ከበሩ ላይ ሆነው «ወተቱ ይበላሻል፤ ሂዱ» አሉ።

ሄዱ። ማሞቂያው እንደ ምድጃ ይነፋል፤ ቅቤው መካከላቸው ተቀምጦ ይለሰልሳል። እንጦጦ ጫፍ ደረሱ።

«ሽቦውን መቼ ነው የነቀልከው?» አለች መስኮቱን እያየች።

«ገና መጀመሪያ።»

«እና ያ ሁሉ ምርመራ?»

ወንዳፍራሽ ማርሽ ቀየረ።

«እኔ እኮ እውነት መስሎኝ» አለች። «ነገ አገኘዋለሁ ስትል ፈራሁና ፊውዟን አወጣኋት።»

ወንዳፍራሽ ሊስቅ ፈለገ፤ ግን ሳል ያዛትና ተወው።

እሁድ ኦቦ ነገሳ ምንም ሳያውቁ ሁለት ሽማግሌ አስከትለው መጡ። ወንዳፍራሽ ወጉ ስለማይፈቅድ አልገባም፤ ከአጥሩ ውጭ ቆሞ መሬት መሬቱን ያያል። ተረፈች ከመጋረጃው ጀርባ ሆና ትሰማለች።

«ልጁ እጁ ሥራ ያውቃል» አሉ ኦቦ ነገሳ። «ትዕግሥት አለው። ከአፉም ውሸት ወጥቶ አያውቅም።»

ኦቦ ኩምሳ ብርሌያቸውን ቁጭ አደረጉ።

«ወጥቶ ያውቃል» አሉ።

ኦቦ ነገሳ ደነገጡ። ከመጋረጃው ጀርባ ተረፈች ፊቷን በሁለት እጇ ሸፈነች።

«ግን ልጄም እንደዚያው ናት፤ ብቻዋን እንድታፍር አልተዋትም» አሉ ኦቦ ኩምሳ። «በሉ ጥሩት፤ ብርድ ላይ አይቁም።»